አሮኮት፦ ከፕሉቶ ማዶ ያለው የጥንት ቅሪት

አሮኮት ከኔፕቱን ምሕዋር ማዶ ፀሐይን የሚዞር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ትንሽ የጠፈር አካል ነው። በቀጭን አንገት የተያያዙ ሁለት አካላት ያሉት ሲሆን መልኩ ወደ ጥቁር ቀይ ያደላል። ከፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት 44 ተኩል እጥፍ ነው፤ በኪሎ ሜትር ሲሰላ 6.6 ቢሊዮን ያልፋል። እዚያ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ምድር ላይ ከሚያርፈው ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል የደከመ ነው። አካሉ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 298 ዓመት ይፈጅበታል። እስከ 2014 ድረስ መኖሩን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ ግን ከምድር የተላከ መንኮራኩር በአጠገቡ አልፎ ፎቶግራፉን አነሣ። እስከ ዛሬ መንኮራኩር ቀርቦ ካያቸው አካላት ሁሉ እጅግ ሩቁ፣ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮም እጅግ ጥቂት የተለወጠው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሮኮት ታሪክ የሚጀምረው እሱ ራሱ ከመገኘቱ በፊት፣ የሚገኝበት የጠፈር ክልል መኖሩ በተጠረጠረበት ዘመን ነው። በ1930 ክላይድ ቶምባው የተባለ ወጣት አሜሪካዊ አሪዞና ውስጥ በሚገኘው የሎዌል የሥነ ፈለክ ጣቢያ ፕሉቶን አገኘ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል፣ በ1978 ከተገኘችው የፕሉቶ ጨረቃ ከካሮን በቀር፣ በዚያ ሩቅ ክልል የታወቀ ነገር አልነበረም። ሆኖም ባዶ ነው ብለው ያልተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። አየርላንዳዊው ኬኔት ኤጅዎርዝ በ1943፣ ትውልዱ ኔዘርላንድ የሆነው ጄራርድ ካይፐር ደግሞ በ1951 ፕላኔቶች የተሠሩበት ቁስ ኔፕቱን ዘንድ ሲደርስ ድንገት ያልቃል ማለት እንደማያስኬድ ጻፉ። ካይፐር ግን በዚያ የተፈጠሩት ትናንሽ አካላት ከብዙ ዘመን በፊት ተበትነዋል ብሎ ያምን ነበር። ክልሉ ዛሬ የካይፐር ቀበቶ ተብሎ ሲጠራ፣ አካላቱ አሁንም እዚያው ሊኖሩ ይችላሉ ያለው የኤጅዎርዝ ስም መቅረቱ ፍትሕ አይመስልም። በ1980 ኡራጓያዊው ሁሊዮ ፈርናንዴዝ ቶሎ ቶሎ ተመላልሰው የሚታዩት ጅራታም ኮከቦች ከኔፕቱን ማዶ ካለ ቀበቶ የሚመጡ መሆናቸውን በስሌት አሳየ። ከዚህ በኋላ የቀረው በዓይን ማየት ነበር።

ይህን የሠሩት ዴቪድ ጁዊትና ጄን ሉ ናቸው። ሉ በልጅነቷ ከቬትናም ጦርነት ሸሽታ አሜሪካ የገባች፣ ፍለጋው ሲጀመር ገና የጁዊት ተማሪ የነበረች ሴት ናት። ሁለቱ ከ1987 ጀምረው አምስት ዓመት ሙሉ አንዱን የሰማይ ቁራጭ በተለያየ ሰዓት ፎቶ እያነሡ፣ ከከዋክብቱ መካከል ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ሲፈልጉ ቆዩ። ኦገስት 30 ቀን 1992 ሃዋይ ውስጥ በማውና ኬያ ተራራ ላይ ሆነው አገኙት። አካሉ በመጀመሪያ 1992 ኪውቢ1 ተባለ፤ ዛሬ ስሙ አልቢዮን ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት በመቶ፣ ከዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ተከታተሉ።

ቁጥራቸው ሲበዛ አንድ ልዩ ወገን ከሌሎቹ ተለየ። ብዙዎቹ የካይፐር ቀበቶ አካላት ምሕዋራቸው የተለጠጠና የተዘመመ ነው፤ ኔፕቱን በስበቱ ከቦታቸው እንዳፈናቀላቸው ይህ ይመሰክራል። ከፀሐይ ከ42 እስከ 48 የምድር ርቀት ባለው ክልል ግን ምሕዋራቸው ክብ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ከፕላኔቶቹ ሜዳ እምብዛም የማይወጡ፣ ቀለማቸውም ከሌሎቹ የቀላ አካላት ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ቀዝቃዛዎቹ ይሏቸዋል፤ ይህም ስለ ሙቀታቸው ሳይሆን ስለ ምሕዋራቸው እርጋታ የተባለ ነው። እነዚህ ከተፈጠሩበት ቦታ ያልተነቀነቁ ናቸው። ምድርን የመሰሉ ፕላኔቶች ቀልጠዋል፣ አስትሮይዶች እርስ በርስ ተፋጭተዋል፣ ጅራታም ኮከቦች ፀሐይ አጠገብ ደጋግመው ተጠብሰዋል። ፕላኔቶች ከምን ዓይነት ጥሬ ዕቃና እንዴት እንደተሠሩ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሊያየው የሚገባው ከእነዚህ ካልተነኩት አንዱን ነው። የአሮኮት ዋጋ ከዚህ ይመነጫል።

ወደዚያ የሚሄደው መንኮራኩር ኒው ሆራይዘንስ ጃንዋሪ 19 ቀን 2006 ከፍሎሪዳ ተተኮሰ። ክብደቱ 478 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የፀሐይ ብርሃን በማይጠቅምበት ርቀት ኃይል የሚያገኘው ከፕሉቶኒየም ሙቀት ነው። ያዘጋጀውና የሚመራው በሜሪላንድ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ የሳይንሱ መሪ አለን ስተርን ነው። የቶምባው አስከሬን አመድ ጥቂቱ በመንኮራኩሩ ላይ ተጭኖ ሄዷል። ከመነሻው የታቀደው ፕሉቶን አይቶ ሌላ የካይፐር ቀበቶ አካል እንዲጎበኝ ነበር። ለዚህም ነዳጅ ተቆጥቦለታል። የሁለተኛው መዳረሻ ማንነት ግን አልታወቀም። መንኮራኩሩ ወደማይታወቅ መዳረሻ በሰከንድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ሳለ፣ ምድር ላይ የቀሩት ሰዎች መዳረሻውን የመፈለግ ዕዳ ነበረባቸው።

ፍለጋው በ2011 ተጀመረ። ትላልቅ ቴሌስኮፖች፣ ማለትም በሃዋይ ያለው ሱባሩና በቺሊ ያሉት የማጄላን ቴሌስኮፖች ሥራ ላይ ዋሉ። ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛው የነዳጁ ማነስ ነው፤ መንኮራኩሩ አቅጣጫውን ሊለውጥ የሚችለው ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ስለሆነ የሚፈለገው አካል ከፊት ለፊቱ በተዘረጋች ጠባብ መስክ ውስጥ መገኘት ነበረበት። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፦ መንኮራኩሩ የሚያመራው ወደ ፍኖተ ሐሊብ ማዕከል አቅጣጫ ስለነበረ፣ ከበስተጀርባው የሚታየው ሰማይ በከዋክብት የተጨናነቀ ነበር። በዚያ መንጋ ውስጥ እጅግ ደካማ የሆነች፣ በዝግታ የምትንቀሳቀስ ነጥብ መለየት ከባድ ነው። በሦስት ዓመት 50 ያህል አዳዲስ አካላት ተገኙ፤ አንዳቸውም ግን መንኮራኩሩ ሊደርስበት የሚችል አልነበረም።

በ2014 ጊዜው እያለቀ ሄደ። አዲስ አካል ሲገኝ ምሕዋሩ በትክክል እስኪታወቅ ወራት ይፈጃል፤ መንኮራኩሩም ፕሉቶን እንዳለፈ ወዲያው መታጠፍ ነበረበት። የቀረው ተስፋ ከከባቢ አየር በላይ ሆኖ የሚያየው የሃብል ቴሌስኮፕ ነበር። የሃብልን ሰዓት ለማግኘት የሚጠይቁ ተመራማሪዎች ብዙ ስለሆኑ ጥያቄው ወዲያው አልተፈቀደም። መጀመሪያ በጁን ወር የሙከራ ፍለጋ እንዲደረግና ቢያንስ ሁለት አዳዲስ አካላት ቢገኙ ዋናው ፍለጋ እንዲቀጥል ተወሰነ። ሁለት ተገኙ፤ ዋናው ፍለጋም ተፈቀደ። ጁን 26 ቀን 2014 ከተነሡት ምስሎች ውስጥ ማርክ ቡዊ የሚመራው የፈላጊዎች ቡድን በኋላ አሮኮት የሚባለውን አካል ለየ። የብርሃኑ መጠን 27ኛ ደረጃ ገደማ ነበር፤ ያለ መሣሪያ የሰው ዓይን ሊያያት ከሚችላት እጅግ ደካማ ኮከብ ይልቅ በመቶ ሚሊዮን ጊዜ የሚያንስ ማለት ነው። ጊዜያዊ መለያው 2014 ኤምዩ69 ሆነ። በኦክቶበር ወር ከእሱ ጋር ሌሎች ሁለት እጩዎች መገኘታቸው ተገለጸ፤ በትንሹ ነዳጅ ሊደረስበት የሚችለው ግን እሱ ነበር።

ጁላይ 14 ቀን 2015 ኒው ሆራይዘንስ ፕሉቶን በ12,500 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈ። ዓለም የፕሉቶን የበረዶ ሜዳዎችና ተራሮች ሲያደንቅ፣ መሐንዲሶቹ ወደ ቀጣዩ ጉዞ ገብተው ነበር። በኦገስት መጨረሻ 2014 ኤምዩ69 መዳረሻ ሆኖ ተመረጠ። በኦክቶበርና በኖቬምበር የመንኮራኩሩ ሞተሮች አራት ጊዜ ተተኩሰው ፍጥነቱን በሰከንድ 57 ሜትር ያህል ለወጡት። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ፕሉቶን ካለፈ 1.6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በኋላ ግን መንኮራኩሩን ከታለመለት ቦታ ለማድረስ በቂ ነበር። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ለጉዞው መቀጠል የፈቀደው በ2016 ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ፣ ከታሪኩ ሁሉ ምናልባት እጅግ የሚያስደንቀው፣ የተካሄደው ምድር ላይ ነው። መንኮራኩሩ በአጠገቡ የሚያልፈው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ካሜራዎቹ ወዴት እንደሚያነጣጥሩ አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት፤ በአካሉ ዙሪያ መንኮራኩሩን ሊሰብር የሚችል ስብርባሪ መኖር አለመኖሩም እንደዚሁ። ሃብል ግን የሚያሳየው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ ጥላ ዞሩ። አንድ የጠፈር አካል በሩቅ ኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ለቅጽበት ይጠፋል፤ ጥላውም በምድር ላይ እንደ አካሉ መጠን በጠበበ መስመር እየሮጠ ያልፋል። በመስመሩ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው ኮከቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋባቸው ከመዘገቡ፣ መዝገቦቹ ሲገጣጠሙ የአካሉ ቅርጽ ይወጣል። ጥላው የሚያልፍበትን መስመር በኪሎ ሜትሮች ልክ ለመተንበይ የኮከቡ ቦታ በትክክል መታወቅ አለበት፤ ይህንንም ያስቻለው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ጋያ የተባለ ሳተላይት ያዘጋጀው የከዋክብት መዝገብ ነው።

ጁን 3 ቀን 2017 የመጀመሪያው ሙከራ በአርጀንቲናና በደቡብ አፍሪካ ተደረገ። ብዙ ቴሌስኮፖች ተሰልፈው፣ ሰማዩም ተስማምቶ፣ ጥላውን ያየ አልነበረም። ጁላይ 10 ቀን ቴሌስኮፕ የተጫነበት ሶፊያ የተባለ አውሮፕላን በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በረረ፤ ግልጽ የሆነ መረጃ ወዲያው አልተገኘም። የቀረው ጁላይ 17 ነበር። በዚያ ሌሊት 24 ቴሌስኮፖች በአርጀንቲና ፓታጎንያ፣ በኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ ከተማ ዙሪያ በተርታ ቆሙ። ወቅቱ የደቡብ ንፍቀ ክበብ ክረምት ሲሆን የፓታጎንያ ነፋስ ቴሌስኮፕ የሚያንቀጠቅጥ ነው። የአካባቢው ባለሥልጣናት አውራ ጎዳናውን ለሰዓታት ዘጉ፤ የመንገድ መብራቶች እንዲጠፉ አደረጉ፤ ከባድ መኪኖችም ነፋሱን እንዲመክቱ ከቴሌስኮፖቹ ጎን ቆሙ። ከ24ቱ አምስቱ ኮከቧ ለአንድ ሰከንድ ገደማ ስትጠፋ መዘገቡ። አምስቱ መዝገቦች በወረቀት ላይ ሲቀመጡ አንድ ክብ አልሠሩም፤ ሁለት የተጠጋጉ ክቦች እንጂ። ከስድስት ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ፣ በዓለም ትልቁ ቴሌስኮፕ እንኳ ከነጥብ በላይ ሊያሳየው የማይችል አካል ቅርጹ መንታ መሆኑ በዚህ መንገድ ታወቀ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ኦገስት 4 ቀን 2018፣ ሌላ ጥላ በሴኔጋልና በኮሎምቢያ ላይ አለፈ። በሴኔጋል ከአሜሪካና ከፈረንሳይ የመጡ ተመራማሪዎች ከአገሩ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች ጋር አብረው ሠሩ። ወቅቱ የዝናብ ስለነበረ ደመና ብዙዎቹን አስጨነቀ፤ ቢሆንም ጥላው ተመዘገበ፣ ለመጨረሻው የጉዞ ስሌትም አገለገለ። በሴኔጋል በኩል ሥራውን ካስተባበሩት አንዱ ማራም ካይሬ ነበር። በ2021 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በማርስና በጁፒተር መካከል ለሚዞር አንድ አስትሮይድ የእሱን ስም ሰጥቷል። ስለ ጠፈር ጉዞ ሲወራ አፍሪካ አብዛኛውን ጊዜ ተመልካች ናት፤ በዚህ ጊዜ ግን መለኪያው ራሱ አፍሪካ ላይ ቆሞ ነበር።

ኦገስት 16 ቀን 2018 የመንኮራኩሩ የራሱ ካሜራ ከ172 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት አካሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለየው። በቀጣዮቹ ወራት ግን አንድ እንቆቅልሽ ተፈጠረ። ቅርጹ ረዘም ያለ አካል ሲሽከረከር አንዴ ሰፊ፣ አንዴ ጠባብ ጎኑን ስለሚያሳይ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። የዚህ አካል ብርሃን ግን ፈጽሞ አይለዋወጥም ነበር። አቧራ ሸፍኖት ይሆን? ብዙ ትናንሽ ጨረቃዎች ከበውት ይሆን? መልሱ የተገኘው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው፦ አካሉ በጎኑ ተኝቶ ስለሚሽከረከር የመሽከርከሪያው ዋልታ ወደ መንኮራኩሩ አቅጣጫ ዞሮ ነበር፤ ስለዚህ መንኮራኩሩ ሁልጊዜ የሚያየው ያንኑ ፊት ነው።

በዲሴምበር አጋማሽ የአደጋ ጥናት ቡድኑ ምስሎቹን መርምሮ ቀለበትም ሆነ ጨረቃ አለማየቱን ገለጸ። ቀለበት ወይም ጨረቃ ቢገኝ ኖሮ መንኮራኩሩ በ10,000 ኪሎ ሜትር ርቀት እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ አሁን ግን በ3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀርብ ተወሰነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ውዝግብ ምክንያት በከፊል ተዘጋ፤ ይህም ናሳን ነካ። ጉዞውን የሚመራው ቤተ ሙከራ ግን የዩኒቨርሲቲ ተቋም ስለሆነ ሥራው አልተቋረጠም።

ኒው ሆራይዘንስ በ3,538 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለፈው ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ። ፍጥነቱ በሰከንድ 14 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። በዚያ ቅጽበት ምድር ላይ ማንም ምንም አላወቀም። የሬዲዮ መልእክት ከዚያ ምድር ለመድረስ ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ መንኮራኩሩም አንቴናውን ወደ ምድር ካዞረ ካሜራዎቹን ወደ አካሉ ማነጣጠር አይችልም። ስለዚህ ትእዛዙ ሁሉ ቀድሞ ተጭኖለት ብቻውን ሠራ። ከአሥር ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ29፣ በማድሪድ አቅራቢያ ያለው የናሳ አንቴና አጭር መልእክት ተቀበለ። የጉዞው ኃላፊ አሊስ ቦውማን መንኮራኩሩ ደህና መሆኑንና መረጃውን መሰብሰቡን ለተሰበሰቡት አበሠረች።

በማግስቱ የወጣው ምስል ሁለት ድቡልቡል አካላት ተጣብቀው ያሳይ ስለነበረ ጋዜጦች የበረዶ ሰው አሉት። በፌብሩዋሪ ግን ነገሩ ተለወጠ። መንኮራኩሩ አካሉን ካለፈ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ ያነሣቸው ምስሎች ደረሱ። በእነዚህ ላይ ብርሃን ያረፈበት ቀጭን ጠርዝ ብቻ ይታያል፤ የቀረው ጨለማ ነው። ተመራማሪዎቹ ከበስተጀርባ የትኞቹ ከዋክብት እንደተሸፈኑ በመቁጠር የጨለመውን ጎን ዳር ድንበር አወጡ። በፓታጎንያ የተሠራበት ዘዴ ለሁለተኛ ጊዜ አገለገለ ማለት ነው። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር፦ ትልቁ ክፍል ድቡልቡል ሳይሆን እንደ አምባሻ የተዘረጋ ሆኖ ተገኘ። ወርዱ 20 ኪሎ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ ከዚህ ግማሽ አይበልጥም። ትንሹ ክፍል 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ጠፍጣፋ ቢሆንም እንደ ትልቁ አይደለም።

መረጃው በሰከንድ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ቢት ብቻ እየተንጠባጠበ ይመጣ ስለነበረ ሁሉም እስኪደርስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። የመጀመሪያው ጥናት በሜይ 2019፣ የተብራሩት ሦስት ጥናቶች ደግሞ በፌብሩዋሪ 2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተሙ። አካሉ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 16 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ የጎደለው ጊዜ ይወስድበታል። በገጹ ላይ የሜታኖል በረዶ ተገኝቷል፤ የውሃ በረዶ ግን በግልጽ አልታየም። ቅላቱ የመጣው የጠፈር ጨረር ለብዙ ዘመን በረዶዎቹን እየመታ ከፈጠራቸው ውስብስብ የካርቦን ውህዶች ነው። የግጭት ጉድጓዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ትልቁ በትንሹ ክፍል ላይ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገጹ አራት ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው ስለሚገመት፣ የጉድጓዶቹ ማነስ በአካባቢው የሚዞሩ ትናንሽ ድንጋዮች ከተገመተው እጅግ ያነሱ መሆናቸውን ያመለክታል።

ትልቁ ግኝት ግን ስለ አንገቱ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ መሰንጠቅ የለም፣ መደርመስ የለም፣ የተጨፈለቀ ነገር የለም። ስሌቱ የሚያሳየው ሁለቱ የተገናኙት በሰከንድ ከጥቂት ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት፣ ማለትም ሰው በሚራመድበት ወይም በሚሮጥበት ፍጥነት መሆኑን ነው። በተጨማሪም የሁለቱ ወገብና ዋልታ በአንድ መስመር ላይ ይውላል፤ ቀለማቸውና የተሠሩበት ቁስም አንድ ነው። ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች መጥተው የተጋጩ አካላት እንዲህ ሊገጣጠሙ አይችሉም። ከአንድ ቦታ ተፈጥረው፣ እርስ በርስ እየተዟዟሩ ቆይተው፣ ቀስ በቀስ ተቀራርበው የተነካኩ ናቸው።

ይህ በሥነ ፈለክ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የቆየን ክርክር የሚመለከት ነው። የቀድሞው አስተሳሰብ ፕላኔቶች የተሠሩት ትንሹ ከትንሹ፣ ከዚያ ትልቁ ከትልቁ እየተጋጨና እየተጣበቀ ነው የሚል ነበር፤ በዚህ አስተሳሰብ ግጭቱ እያደር ይበረታል። ሁለተኛው አስተሳሰብ በ2005 አንድሩ ዩዲንና ጄረሚ ጉድማን ባቀረቡት ስሌት ላይ የተመሠረተ ነው። በጥንቱ የፀሐይ ዙሪያ ደመና ውስጥ ጋዙ ከጠጠሮቹ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይዞር ስለነበረ ጠጠሮቹን እንደ ነፋስ ይገፋቸው ነበር። ተጠጋግተው የሚሄዱ ጠጠሮች ግን ግፊቱን ይቋቋማሉ፤ ሌሎችም ከኋላቸው እየደረሱ ይቀላቀሏቸዋል። ክምችቱ በቂ ሲሆን በራሱ ስበት በለሰለሰ ሁኔታ ይሰበሰብና አካል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም መንታ ይሆናል። አሮኮት ከሁለተኛው አስተሳሰብ ጋር በሁሉም ረገድ ይስማማል። ስተርንና ባልደረቦቹ በ2020 ክርክሩ በዚህ እልባት አገኘ እስከማለት ደረሱ። ለካይፐር ቀበቶ ቀዝቃዛዎቹ አካላት ማስረጃው ጠንካራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ለፀሐይ ቅርብ የሆኑት ፕላኔቶችም በዚሁ መንገድ ጀምረዋል ለማለት ግን አንድ አካል ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም።

በስሙ ጉዳይ ደግሞ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። በማርች 2018 ሕዝብ ከተሳተፈበት ምርጫ በኋላ ቡድኑ አካሉን በጊዜያዊ ስም አልቲማ ቱሌ ብሎት ነበር፤ በጥንት አውሮፓውያን ዘንድ ከታወቀው ዓለም ዳር ያለ ምድር ማለት ነው። ስሙ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከናዚዎች አስተሳሰብ ጋር የተቆራኙ የጀርመን ዘረኞች የተጠቀሙበት መሆኑ ሲነሣ ተቃውሞ ገጠመው። ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ይፋ የሆነው ስም አሮኮት በአሜሪካ የቼሳፒክ ወሽመጥ አካባቢ ይነገር ከነበረው ከፖውሃታን ቋንቋ የተወሰደና ሰማይ የሚል ትርጉም ያለው ነው። የሃብል ሥራ የሚመራበት ተቋምና የኒው ሆራይዘንስ ቤተ ሙከራ የሚገኙት በዚያው አካባቢ ነው። ስሙ የተሰጠው የፖውሃታን ወገን የሆነው የፓሙንኪ ነገድ ሽማግሌዎች ተጠይቀው ከፈቀዱ በኋላ ነው፤ መጀመሪያም እንዲሁ ቢደረግ ኖሮ መልካም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ መረጃ ከአሮኮት አልመጣም፤ የመጣውን ማንበብ ግን ቀጥሏል። በ2023 የስተርን ቡድን በትልቁ ክፍል ላይ 12 ጉብታዎችን ለየ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚሰፉ፣ በመጠንም በቅርጽም በቀለምም የሚመሳሰሉ ናቸው። ቡድኑ እንደሚለው ትልቁ ክፍል የተሠራው እነዚህን ከመሰሉ ተመሳሳይ ቁራጮች በዝግታ መገጣጠም ነው። ቁራጮቹ ለምን አንድ መጠን ኖራቸው የሚለው ጥያቄ በአሁኑ ስሌቶች ገና አልተመለሰም።

ኒው ሆራይዘንስ በ2024 ከፀሐይ የምድርን ርቀት 60 እጥፍ አለፈ። ከካይፐር ቀበቶ የሚወጣው በ2020ዎቹ መጨረሻ እንደሚሆን ይጠበቃል። የሱባሩ ቴሌስኮፕ ሌላ ሊደረስበት የሚችል አካል ሲፈልግለት ቆይቷል። ወደ አሮኮት የሚመለስ ጉዞ አልታቀደም። ጉብታዎቹ በሌሎች ጥንታዊ አካላት ላይም ይገኙ እንደሆነ የሚያዩት ሌሎች መንኮራኩሮች ናቸው፦ በ2021 የተተኮሰው ሉሲ ከ2027 ጀምሮ ከጁፒተር ጋር በአንድ ምሕዋር የሚጓዙትን አስትሮይዶች ይጎበኛል፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የሚያዘጋጀው ኮሜት ኢንተርሴፕተር ደግሞ ከሩቅ ክልል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፀሐይ የሚመጣ ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ላይ እንዲጠብቅ ታቅዷል።